ሼር የተደረገ ፎልደር በዊንዶውስና በኡቡንቱ መካከል አልከፍት ሲል

ኬብሉ መሰካቱን፣ ፎልደሩም ሼር መደረጉን አይታችኋል እንበል። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ጸሐፊዋ ዊንዶውስ ላይ እየጻፈች አንድ አሮጌ ማሽን ኡቡንቱ ተጭኖበት ፋይል በሚያስቀምጥበት የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ጭቅጭቁ ብዙ ጊዜ የኬብል አይደለም። «ማን ነህ?» ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ነው።

ማሽኑ ጭራሽ አይገኝም

«ኔትወርክ» የሚለው ውስጥ ስሙ ባይወጣ አትደንግጡ፤ ያ ዝርዝር አይታመንም። ዊንዶውስ ላይ ሁለት ባክስላሽና አይፒውን (የማሽኑን የኔትወርክ ቁጥር)፣ ኡቡንቱ ላይ ደግሞ ኤስኤምቢ ብላችሁ ኮለንና ሁለት ስላሽ አስከትላችሁ አይፒውን ጻፉ። ከተከፈተ የጠፋው ስሙ ብቻ ነው።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ራውተሩ አይፒ እንደ አዲስ ሊያድል ይችላል። ትናንት 192.168.1.5 የነበረው ማሽን ዛሬ 192.168.1.9 ይሆንና ዴስክቶፕ ላይ ያለው ሾርትከት የሰው በር ያንኳኳል፤ ዊንዶውስም በ80070035 የሚያልቅ የስህተት ቁጥር ያወጣል። ራውተሩ ውስጥ ገብታችሁ ለፋይል ማስቀመጫው ቋሚ አይፒ አስይዙለት። መብራት በጠፋ ቁጥር ሾርትከት መሥራት ጥገና አይባልም።

ራውተር ከተቀየረ ዊንዶውስ አዲሱን መስመር «ፐብሊክ» ብሎ ይይዝና ሼሩን ይዘጋዋል፤ ወደ «ፕራይቬት» መልሱት። ፋየርዎሉን ከነጭራሹ አጥፍቶ መሄድ ግን ስንፍና ነው። በአይፒ ለመግባት የሚያስፈልገው በር (ፖርት) 445 ብቻ ነው። ኡቡንቱ ላይም ፋየርዎሉ፣ ዩኤፍደብሊው፣ በርቶ ከሆነ ሳምባን (ኡቡንቱ ላይ ፎልደር ሼር የሚያደርገውን ፕሮግራም) ፍቀዱለት።

ይገኛል፣ ፓስወርድ ይጠይቃል፣ የተሰጠውን ሁሉ እምቢ ይላል

ሥራ የሚያስፈታው ይሄ ነው። መጀመሪያ ከኡቡንቱ ወደ ዊንዶውስ ሲኬድ ያለውን እንይ።

ዊንዶውሱ ሲከፈት ምንም ፓስወርድ የማይጠይቅ ከሆነ ምክንያቱ ያው ነው። ፓስወርድ የሌለው አካውንት ማሽኑ ፊት ለተቀመጠ ሰው እንጂ በኔትወርክ ለሚመጣ እንዳይሠራ ዊንዶውስ ራሱ ከልክሎታል። ባዶውን ብትልኩም፣ አንድ ሁለት ሦስት አራት ብላችሁ ብትገምቱም አይገባም። ይህን የማያውቅ ባለሙያ ዊንዶውሱን ፎርማት ያደርገዋል፤ አካውንቱንም እንደገና ያለ ፓስወርድ ይከፍተዋል። ችግሩ በማግስቱ እንደነበረ ይመለሳል፤ የጠፋው የደንበኛው የመመረቂያ ጽሑፍ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ፒን ነው። ፒን የዚያ ማሽን የቤት ቁልፍ ነው፣ በኔትወርክ አይሠራም። በማይክሮሶፍት አካውንት የተከፈተ ከሆነ የሚፈለገው የኢሜሉ ፓስወርድ ነው፤ እሱንም ባለቤቱ ብዙ ጊዜ አያስታውሰውም።

ለሁለቱም የሚበጀው አንድ ነው። ዊንዶውሱ ላይ ለሼር ብቻ የሚያገለግል ሎካል አካውንት ክፈቱ፣ ፓስወርድ ስጡት፣ ፎልደሩን ለእሱ ፍቀዱለት። ፈቃዱ ሁለት ቦታ ነው፦ «ሼሪንግ» በሚለው ስርና «ሴኩሪቲ» በሚለው ስር። ሁለቱ ካልተስማሙ ጠበቅ ያለው ያሸንፋል። ጸሐፊዋ እንደለመደችው ያለ ፓስወርድ መግባቷን ትቀጥላለች። «ኤቭሪዋን» ብሎ «ፉል ኮንትሮል» መስጠት ቀላል ይመስላል፤ ከደንበኛ ፍላሽ የመጣ ቫይረስም በዚያው በር ነው የሚገባው።

ዩዘር ኔሙም ፓስወርዱም በእንግሊዝኛ ፊደልና በቁጥር ይሁን። ኪቦርዱ አማርኛ ላይ እንደቆመ ፓስወርድ ከተመታ፣ የሚታዩት ጥቁር ነጥቦች ያው ስለሆኑ ስህተቱ ለዓይን አይታወቅም።

አሁን ደግሞ ከዊንዶውስ ወደ ኡቡንቱ። ሳምባ የራሱ የፓስወርድ መዝገብ አለው። ኡቡንቱ ላይ የምትገቡበት ፓስወርድ እዚያ መዝገብ ውስጥ የለም፤ ብትቀይሩትም የሳምባው አይቀየርም። ተርሚናል ላይ ሱዶ ብላችሁ፣ ኤስኤምቢፓስውድ የሚለውን ትእዛዝ (ከፓስወርድ ውስጥ ኦ እና አር የወጡለት)፣ ሰረዝ ኤ፣ ከዚያ የተጠቃሚውን ስም ጻፉ። ስሙ ቀድሞ ኡቡንቱ ላይ የተከፈተ መሆን አለበት። ዊንዶውሱ ላይ ሲጠየቅ የኡቡንቱውን አይፒ፣ ባክስላሽ፣ ዩዘር ኔም አድርጋችሁ ሙሉ፤ ካለዚያ ዊንዶውስ የራሱን ስም ከፊት ሊለጥፍበት ይችላል።

ዊንዶውስ 11 ላይ «የድርጅትህ የደኅንነት ፖሊሲ እንግዳ ከልክሏል» የሚል መልእክት ቢመጣ ፖሊሲ ፍለጋ አትሂዱ። ከኡቡንቱ ጋር የሚመጣው የሳምባ ሴቲንግ የማያውቀውን ዩዘር ኔም ዝም ብሎ እንግዳ ያደርገዋል። አንድ ፊደል ስትሳሳቱ «ተሳስተሃል» አይላችሁም፣ እንግዳ አድርጎ ይቀበላችኋል፤ ዊንዶውሱ ደግሞ በእንግድነት አልገባም ይላል። ከእ.ኤ.አ. 2024ቱ የዊንዶውስ 11 ማሻሻያ (24ኤች2) ወዲህ ፕሮ እትሙ ላይ ይሄ ጠንክሯል። የስሙን ፊደላት አንድ በአንድ አመሳክሩ። ኢንተርኔት ላይ ያለውን የእንግዳ መፍቀጃ ሬጂስትሪ ግን አትንኩ። አትንኩ።

ትክክለኛውን ፓስወርድ አስገብታችሁም 1219 የሚል ስህተት ከመጣ ዊንዶውስ የቀድሞውን ግንኙነት አልለቀቀም፤ ለአንድ ሰርቨር ሁለት ስም በአንዴ አይዝም። ኮማንድ ፕሮምፕት ላይ ኔት ዩዝ፣ ኮከብ፣ ስላሽ ዲሊት ብላችሁ አጽዱ፣ ክሬደንሺያል ማናጀር ውስጥ የተቀመጠውንም አሮጌ ፓስወርድ ሰርዙ።

ይገባል፣ ፎልደሩ ግን አይከፈትም

ኡቡንቱ ከ21.04 ጀምሮ የተጠቃሚን ሆም ፎልደር ለሌላ ሰው ዘግቶታል። ሼሩ ሆም ውስጥ ካለ ውስጠኛውን ብትከፍቱም የግቢው በር ዝግ ነው። ፎልደሩን ከሆም አውጥታችሁ ኤስአርቪ የሚባለው የኡቡንቱ ፎልደር ስር አዛውሩት።

ኤክስፒ

ለፒችትሪ (ለሒሳብ ፕሮግራሙ) ተብሎ የተተወ አሮጌ ዊንዶውስ ኤክስፒ ካለ፣ እሱ የሚያውቀው የፋይል መጋሪያ ፕሮቶኮሉን አሮጌ ስሪት፣ ኤስኤምቢ 1ን፣ ብቻ ነው። በግንቦት 2017 እ.ኤ.አ. ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ቫይረስ ዋናክራይ የተስፋፋው በዚያው ቀዳዳ ነበር። በየዊንዶውሱ እየዞራችሁ አታብሩት። የግድ ከሆነ ኡቡንቱው ላይ ብቻ የሳምባውን ዝቅተኛ ፕሮቶኮል ኤንቲ1 (የኤስኤምቢ 1 ሌላ ስም) አድርጉ፣ የኤክስፒውን አሮጌ የፓስወርድ አላላክ እንዲቀበልም «ኤንቲኤልኤም ኦዝ» የሚለውን «የስ» በሉት፤ ኤክስፒው በአሮጌው፣ ሌሎቹ በአዲሱ ያወሩታል። ወደ ፎልደር ስካን የሚያደርግ አሮጌ ኮፒ ማሽንም መድኃኒቱ ይኸው ነው።

የፋይል ስም ተበላሽቶ ከታየ

ኡቡንቱ ላይ ኮለን፣ ኮከብ ወይም የጥያቄ ምልክት ያለው ስም ዊንዶውስ ላይ ተቆራርጦ ይታያል። የአማርኛው ሁለት ነጥብ «፡» ሌላ ፊደል ስለሆነ ምንም አይሆንም፤ ስሙን ከእንግሊዝኛው ኪቦርድ ኮለን፣ ከኮከብና ከጥያቄ ምልክት አጽዱት።