የሥራ ላይ ጉዳት ክፍያ እየተቀበሉ ግማሽ ቀን ስለ መሥራት

በድሬዳዋ በሠራተኛ ማኅበር ጸሐፊነት ባገለገልኩባቸው ዓመታት ከሁሉ ይልቅ የተደጋገመብኝ ጥያቄ አንድ ነው። እጁ ወይም ወገቡ ተጎድቶ ቤት የዋለ ሠራተኛ ይመጣና፣ «ሐኪሙ ገና ወደ ማሽኑ አልመለሰኝም፤ ግን ግማሽ ቀን የሚያውለኝ ቀላል ሥራ አግኝቻለሁ። ብጀምር ክፍያዬ ይቋረጣል ወይ?» ይለኛል። መልሱ እንደ ሥራው ዓይነትና በእጁ እንዳለው ወረቀት ይለያያል። እኔ ካየኋቸው ጭቅጭቆች አብዛኞቹ የተነሡት ሰውየው በመሥራቱ ሳይሆን ለሐኪሙም ለአሠሪውም በጽሑፍ ሳያሳውቅ በመሥራቱ ነው።

በቅድሚያ የሚከፈልዎት ገንዘብ የትኛው እንደ ሆነ ይለዩ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሕመም ፈቃድና የሥራ ላይ ጉዳት ክፍያ የተለያዩ ናቸው። ከሥራው ጋር ባልተያያዘ ሕመም መሥራት ያቃተው፣ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ፣ ከታመመበት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በሚቆጠር 12 ወር ውስጥ፣ በተከታታይም ሆነ በተለያየ ጊዜ፣ ከ6 ወር ያልበለጠ የሕመም ፈቃድ ያገኛል። በመጀመሪያው 1 ወር ሙሉ ደመወዝ፣ በሚቀጥሉት 2 ወራት ግማሹ ይከፈለዋል፤ በቀሩት 3 ወራት ግን ፈቃዱ እንጂ ክፍያው የለም። በእነዚያ ባዶ ወራት ሌላ ቦታ ገብቶ መሥራት የሚፈታተን ነገር መሆኑን አውቃለሁ። ይሁን እንጂ ፈቃዱ የተሰጠው መሥራት ስላልተቻለ ነውና፣ ለአሠሪው ሳያሳውቁ ሌላ ቦታ ተቀጥሮ መገኘት የሐኪሙን ማስረጃ ጥርጣሬ ላይ ይጥላል፤ እንዳይሞክሩት እመክራለሁ።

በሥራ ላይ ለደረሰ አደጋ ወይም በሥራው ምክንያት ለመጣ በሽታ የሚከፈለው የተሻለ ነው፤ እሱም ቢሆን ደረጃ በደረጃ እየወረደ ይሄዳል። ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ለሚቀጥሉት 3 ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ለቀሩት 6 ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ይከፈላል። በወር 6,000 ብር የሚያገኝ ሰው በ4ኛው ወር ወደ 4,500፣ በ7ኛው ወር ወደ 3,000 ብር ይወርዳል ማለት ነው። ቀኖቹን ሥራ ካቆሙበት ዕለት ጀምረው በቀን መቁጠሪያ ላይ ምልክት ያድርጉባቸው፤ የቤት ኪራይና የልጆች ወጪ የሚጨንቀው በ7ኛው ወር መሆኑን አስቀድሞ ያወቀ ሰው ሳይደናገጥ ይዘጋጃል። የሕክምናው፣ የመድኃኒቱ፣ ሲያስፈልግም የሰው ሠራሽ አካልና የአጥንት ድጋፍ ወጪ ከዚህ ክፍያ ውጭ በአሠሪው ላይ የሚወድቅ ስለ ሆነ፣ ደረሰኝ አይጣሉ።

ይህ ክፍያ የሚያበቃው በሦስት ምክንያቶች ነው፦ ጉዳቱ መዳኑ በሐኪም ሲረጋገጥ፣ ሠራተኛው የዘላቂ ጉዳት ጡረታ ወይም ዳረጎት (በአንድ ጊዜ የሚሰጥ ክፍያ) ማግኘት ሲጀምር፣ ወይም ሥራ ካቆመ 12 ወር ሲሞላው። ከማብቃቱ በፊትም ሊታገድ ይችላል፤ ግማሽ ቀን ለመሥራት የሚያስብ ሰው ልብ ሊለው የሚገባው እዚህ ላይ ነው። የሕክምና ምርመራ እምቢ ያለ ወይም ያጓተተ፣ እንዲሁም መዳኑን የሚያዘገይ ነገር ያደረገ ሠራተኛ ክፍያው ሊታገድበት ይችላል። ምክንያቱ ሲወገድ ክፍያው ይቀጥላል፤ በታገደበት ጊዜ ያለፈው ግን ወደ ኋላ ተመልሶ አይከፈልም። ስለዚህ የተሰፋ እጅ ይዞ ከረጢት መሸከም፣ ወይም ወገቡ የታመመ ሰው ቀኑን ሙሉ ባጃጅ መንዳት፣ የራስን ክፍያ በራስ እጅ ማስታገድ ነው።

አንድ ወጣት አስታውሳለሁ። የማሸጊያ ማሽን የቀኝ እጁን ሁለት ጣቶች ወስዶበት ነበር። በ7ኛው ወር ክፍያው ግማሽ ሲሆን፣ በከተማችን ታይዋን በሚባለው ገበያ ጨርቅ የሚሸጥ ዘመዱ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ ሱቁ ውስጥ ተቀምጦ ሒሳብ እንዲይዝለት ጠየቀው። «ጋሼ፣ ጨርቅ አልሸከምም፣ የምጽፈውም በግራ እጄ ነው» አለኝ። እኔም፣ «እንግዲያው ይህንኑ ሐኪምህ ይጻፍልህ» ብዬ መለስኩት። ወረቀቱን ይዞ ሲመለስ «ቀላል ሥራ መሥራት ይችላል» የምትል አንዲት መስመር ብቻ ነበረችበት። ይህች መስመር ሳትረዳው ልትጎዳው ትችል ነበር፤ አሠሪው «ድኗል ማለት ነው» ብሎ ቢተረጉማት የሚከለክለው ነገር የለምና። መልሼ ላክሁት፤ ሁለተኛው ወረቀት ቀኝ እጁ ገና በሕክምና ላይ መሆኑን፣ ወደ ቀድሞ ሥራው መመለስ አለመቻሉን፣ በቀን ከ4 ሰዓት ሳይበልጥ ተቀምጦ በግራ እጁ መሥራት ሕክምናውን እንደማያውክ፣ ቀጣዩ ቀጠሮም መቼ እንደ ሆነ ይናገር ነበር።

እርስዎም ከሐኪምዎ የሚጠይቁት እንዲህ ያለውን ወረቀት ነው። የሚከታተልዎት ሐኪም ድል ጮራ ሆስፒታል ይሁን የግል ክሊኒክ፣ ስለ ሥራው ዓይነት በዝርዝር ይንገሩት፦ ቆመው ነው ወይስ ተቀምጠው፣ ስንት ኪሎ ያነሣሉ፣ ጥላ ሥር ነው ወይስ ፀሐይ ላይ። የመጨረሻው ጥያቄ በእኛ ከተማ ቀላል አይደለም፤ በድሬዳዋ የቀትር ሙቀት ፋሻ ውስጥ ያላበ ቁስል ምን እንደሚሆን የቆሰለ ሰው ያውቀዋል። ጠዋት ከሆነ እሠራለሁ፣ ከቀትር በኋላ ግን አልችልም ማለት አያሳፍርም፤ ሐኪሙም በሰዓት ለይቶ ሊጽፍልዎት ይችላል።

ከዚያ ሥራውን ከመጀመርዎ በፊት ለአሠሪዎ ደብዳቤ ያስገቡ። አጭር ይሁን፤ የጉዳቱን ቀን፣ የሐኪሙን ማስረጃ ቁጥርና ቀን፣ ሊሠሩ ያሰቡትን ሥራና ሰዓት፣ እንዲሁም ይህ መደበኛ ሥራዎን መልቀቅ ወይም ከጉዳቱ መዳንዎን ማመን አለመሆኑን ይግለጹ። በሁለት ቅጂ አዘጋጅተው አንዱ ላይ መዝገብ ቤት ማኅተምና ቀን ያስመቱ፤ ማኅተም የሌለበት ደብዳቤ በክርክር ጊዜ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል ብለው ያስቡ። አሠሪው ካልተስማማ ሥራውን አይጀምሩ፤ በማኅበሩ በኩል ወይም በከተማ አስተዳደሩ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወደሚመለከተው ቢሮ ሄደው ያስረዱ።

ብዙ ሰው የማያስበው፣ ለእኔ ግን ከሁሉ የሚሻለው መንገድ፣ ቀላሉን ሥራ ከዚያው ከአሠሪዎ መጠየቅ ነው። በመጋዘን መዝገብ መያዝ፣ በር ላይ ካርድ መቆጣጠር፣ አዲስ ገቢዎችን ማለማመድ፤ በየፋብሪካው እንዲህ ያለ ሥራ አይጠፋም። ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን፤ ጊዜያዊ መሆኑን፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሆነ፣ ለሚሠሩበት ሰዓት የሚከፈለው ከጉዳቱ ክፍያ ጋር እንዴት እንደሚታሰብ፣ ሕመሙ ቢብስ ወደ ዕረፍት መመለስ እንደሚችሉ ይጻፍበት። ደመወዝዎን በቋሚነት የሚቀንስ ዐረፍተ ነገር ካለበት አይፈርሙ። ዘላቂ ጉዳት ያለበት ሰውም አካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት ያላቸው መሆኑን የሚደነግገውን አዋጅ ቁጥር 568/2000 ጠቅሶ ለሁኔታው የተመቻቸ የሥራ ቦታ መጠየቅ ይችላል።

ሥራውን ከጀመሩ በኋላ ትንሽ ደብተር ይያዙ፤ የገቡበትን ሰዓት፣ የወጡበትን፣ የተቀበሉትን ብር፣ ያመመዎትንም ቀን ይጻፉ። የሕክምና ቀጠሮ ከሥራው ሰዓት ጋር ከተጋጨ ሥራው ይቅር፤ ቀጠሮ መዝለል ምርመራን ማጓተት ተብሎ ሊቆጠርብዎት ይችላል።

12ኛው ወር ሲቃረብ ጉዳዩ ወደ ሕክምና ቦርድ ይሄዳል። ቦርዱ ዘላቂ ጉዳቱን በመቶኛ ይወስናል፤ ከዚያ በኋላ የጡረታ ሽፋን ያለው ሠራተኛ በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 ይስተናገዳል። የጡረታ ሕጉ የማይሸፍነው ሠራተኛ ግን ሙሉ በሙሉ መሥራት የማያስችል ዘላቂ ጉዳት ከደረሰበት የ5 ዓመት ደመወዙን፣ ጉዳቱ ከፊል ከሆነ የዚህኑ ተመጣጣኝ ያገኛል፤ በወር 6,000 ብር የሚከፈለውና 20 በመቶ የተወሰነለት ሰው ስሌቱ 72,000 ብር ይሆናል። ወደ ቦርዱ ሲቀርቡ ግማሽ ቀን መሥራትዎን አይደብቁ። ያ ወጣት የሐኪሙን ሁለተኛ ወረቀት፣ ማኅተም ያለበትን ደብዳቤና ደብተሩን በአንድ ላስቲክ አድርጎ ይዞ ገባ፤ በሱቁ ስለ መሥራቱ ሲጠይቁት ደብተሩን ገልጦ አሳያቸው፤ እነሱም አንብበው መለሱለትና የእጁን ፋሻ እንዲፈታ ነገሩት።