ውድ የእንጨት የሽጉጥ እጀታ ከመግዛትዎ በፊት፦ ችግሩ፣ መንስኤውና መፍትሔው

በትእዛዝ የሚሠራ የእንጨት የሽጉጥ እጀታ ዋጋው ከ300 ዶላር ሊያልፍ ስለሚችል፣ ገንዘቡን ከማውጣት በፊት አሁን ያለው እጀታ በትክክል ምን እንደጎደለው መለየት ያስፈልጋል። ለጌጥ የሚገዛ ሰው ዓይኑ ከወደደው በቂ ምክንያት አለው። ይህ መመሪያ የሚያገለግለው የተሻለ ለመተኮስ ብሎ መግዛት ያሰበውን ነው። ከዚህ በታች ያሉት ሙከራዎች ሁሉ የሚደረጉት ካዝናው ወጥቶ፣ ሽጉጡም ጥይት አለመጉረሱ በዓይንና በጣት ከተረጋገጠ በኋላ ብቻ ነው።

ምልክት፦ ዓይን ተጨፍኖ ሲነሣ አፈሙዙ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል

ሽጉጡን እንደ ወትሮው ይያዙ፤ ዓይንዎን ጨፍነው ክንድዎን ወደ ዒላማው ያንሡ፤ ከዚያም ዓይንዎን ይክፈቱ። የፊት ማነጣጠሪያው በኋለኛው ማነጣጠሪያ ክፍተት መሃል ከተገኘ እጀታው ከእጅዎ ጋር ተስማምቷል። ደጋግመው ሲሞክሩ ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን የሚያዘነብል ከሆነ ግን መንስኤው እጀታው መዳፍዎ ላይ የሚያርፍበት ማዕዘን ነው። እንዲህ ያለ እጀታ የያዘ ተኳሽ ስሕተቱን በእጁ አንጓ ኃይል እያቃና ይተኩሳል፤ ክንዱ ሲዝል አንጓው ወደ ልማዱ ይመለሳል፣ ጥይቱም ይስታል። በተጨመቀ አየር በሚተኩስ የስፖርት ሽጉጥ (የአየር ሽጉጥ) ላይ በሁለቱ ማነጣጠሪያዎች መካከል ያለው ርቀት 35 ሴንቲ ሜትር ቢሆንና የፊተኛው በግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ ቢዛነፍ፣ በ10 ሜትር ርቀት ጥይቱ 14 ሚሊ ሜትር ያህል ይስታል፤ በዚያ ዒላማ ላይ ያለው የ10 ነጥብ ክብ ስፋት ግን 11.5 ሚሊ ሜትር ነው።

መፍትሔው ብዙ ጊዜ ከሞረድና ከስቱኮ አያልፍም። መጀመሪያ ቀጭን ካርቶን ቆርጠው በመዳፉ ሥር እጀታው ላይ በፕላስተር ያጣብቁና ሙከራውን ይድገሙ። ማነጣጠሪያው ወደ መሃል ከመጣ የሚሞላውን ቦታ አግኝተዋል፤ ከባሰበት ካርቶኑን ወደ ሌላው ጎን ያዛውሩ። ቦታው ከታወቀ በኋላ የእንጨት ስቱኮ ይለጠፍበታል፤ ሳይደርቅ እጅን በስስ ላስቲክ ጠቅልሎ ሲጨብጡት የመዳፉ ቅርጽ ይታተምበታል፤ ከደረቀ በኋላ የተረፈው በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት ይስተካከላል። ለውድድር የሚዘጋጅ ሰው የዓለም አቀፉን የተኩስ ስፖርት ፌዴሬሽን ደንብ ማሰብ አለበት፤ በደንቡ መሠረት የአየር ሽጉጥ እጀታ እጅን ዙሪያውን መክበብም ሆነ ከአንጓው ጋር ተነካክቶ መደገፍ አይፈቀድለትም።

የሚሞላው ወይም የሚሞረደው ከመጠን በላይ ከሆነ፣ ማለትም እጅዎ ከእጀታው መጠን በጣም ከተለየ፣ ወይም ግራ እጀኛ ሆነው የቀኝ እጅ እጀታ ከያዙ፣ በልክ የተሠራ እንጨት ዋጋውን ያወጣል። በእኔ እምነት ገንዘቡን ያለ ጥርጥር ማውጣት የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በዚህ ሥራ የሚታወቁት እንደ ሪንክና ኒል ያሉ የጀርመን ሠሪዎች ናቸው።

ምልክት፦ ጣት ቃታው ላይ በትክክል አያርፍም

ቃታውን መጫን ያለበት የሌባ ጣት የመጀመሪያው አንጓ ልብ ነው። የጣቱ ጫፍ ብቻ ከደረሰ ወይም ጣቱ እስከ መታጠፊያው ከገባ፣ ቃታው ወደ ኋላ በቀጥታ ሳይሆን በአግድም ይገፋል፤ ጥይቶቹም ወደ ጎን ይከማቻሉ። በውድድር ሽጉጦች ላይ ቃታው ራሱ ብሎኑ ላልቶ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስለሚንሸራተት፣ ያለ ምንም ወጪ የሚሞከረው መጀመሪያ እሱ ነው። ጆን ብራውኒንግ የነደፈውና የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ1911 የተቀበለው ሽጉጥ ታሪክም ይህንኑ ያሳያል፤ ጦሩ በ1920ዎቹ መሣሪያውን ሲያሻሽል ቃታውን አሳጠረ፣ ከቃታው በስተኋላ ያለውንም ብረት በሁለቱም ጎን ሸረሸረ። ዛሬም ለዚህ ሽጉጥ አጭር ቃታ መግጠም ወይም ቀጭን የእጀታ ገበታ (በእጀታው ግራና ቀኝ የሚገጠም ሽፋን) መግዛት ይቻላል፤ ቀጭኑ ገበታ ግን ብሎኖቹ የሚገቡበት አጫጭር ቀለበት እንደሚፈልግ አስቀድሞ ማወቅ ይገባል።

ምልክት፦ እጀታው ይነቃነቃል

ብሎኑ ላልቷል፣ ወይም ብሎኑ የሚገባበት ቀለበት ከብረቱ ተፈትቶ አብሮ ይዞራል። ቀለበቱ ይጥበቅ፤ ብሎኑም በልኩ በሚገጥም ካቻቢቴ ይታሰር። ከልክ በላይ ማጥበቅ እንጨቱን ይሰነጥቃል። ለዚህ ሲባል አዲስ እጀታ የሚገዛ ሰው ያንኑ ችግር በውድ ዋጋ ይገዛዋል።

ምልክት፦ ሪቮልቨሩ (ጥይቱ በሚሽከረከር ጎራሽ ውስጥ የሚቀመጥ ሽጉጥ) ሲተኮስ የመሃል ጣትን ይመታል

መንስኤው ቃታውን ከሚከብበው የብረት ቀለበት በስተኋላ የሚቀረው ባዶ ቦታ ነው፤ የቆዩት ትናንሽ የእንጨት እጀታዎች ያንን ክፍት ይተዉታል። ቦታውን የሚሞላ እጀታ ያስፈልጋል፤ ከእንጨት መሆኑ ግን ግዴታ አይደለም። በትንሽና ቀላል ሪቮልቨር ጠንካራ ጥይት ለሚተኩስ ሰው ርካሹ ላስቲክ ከለሰለሰ ውድ እንጨት ይሻላል፤ እርግጫውን ይቀንሳል፣ እጅ ሲያልበውም አይሾልክም። እንጨት ከተመረጠ ፊቱ በጥርስ የተቀረጸ ወይም በነጥብ የተወቀረ ይሁን።

ምልክት፦ አዲሱ እጀታ አይገጥምም

ብዙውን ጊዜ ስሕተቱ የሚፈጠረው በትእዛዙ ላይ ነው። የአሜሪካው ስሚዝ ኤንድ ዌሰን የሪቮልቨሮቹን አካል በመጠን በፊደል ይለያል፤ የኬ እና የኤል አካል አንድ ዓይነት እጀታ ይቀበላሉ፤ የጄ እና የኤን አካል ግን የየራሳቸው ልክ አላቸው፤ በዚያ ላይ የእጀታው ብረት ታች ክብ ነው ወይስ አራት ማዕዘን የሚለው ይለያያል። የሪቮልቨሩን ጥይቶች ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚያጎርስ መሣሪያ የሚጠቀም ሰው የግራው ገበታ እንዳይከለክለው ከላይ ተሸርሽሮ እንዲመጣለት ይጠይቅ። ከላይ የተጠቀሰው፣ 1911 ተብሎ የሚጠራው የብራውኒንግ ሽጉጥም በሁለቱም ጎን የደህንነት መቆለፊያ ካለው፣ የቀኝ ገበታው ለመቆለፊያው ቦታ የተተወለት መሆን አለበት። እንጨቱ ኮኮቦሎ የተባለው የሐሩር አገር ጠንካራ እንጨት ከሆነ ደግሞ አንዳንድ ሰዎችን ቆዳቸውን እንደሚያሳክክና ሽፍታ እንደሚያወጣባቸው ይታወቃል፤ ቆዳው ቶሎ የሚቆጣ ሰው ዋልነት ቢመርጥ ይሻለዋል።