የደም ግፊት በዘራችሁ እንዳለ እንዴት ታጣራላችሁ

ሐኪሙ «ከቤተሰብ ግፊት ያለበት አለ?» ሲለኝ ሳላመነታ «የለም» አልኩት። ዕድሜዬ 38፣ ልኬቴ 150/96። ማታ ለአክስቴ ደውዬ ስነግራት ሳቀች። «አባባ በምን የሞቱ መሰለህ?»

አያቴን ማንም ለክቷቸው አያውቅም። እኛ የሰማነው «መጋኛ መታቸው» ሲባል ነው። አክስቴ ግን አፋቸው ወደ አንድ ጎን ተጣሞ፣ ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ ብሏቸው፣ ያጠጧቸው ውሃ በአገጫቸው ሲወርድ አይታለች። ይሄ ስትሮክን ይመስላል፤ ለስትሮክ ደግሞ ዋናው መንስኤ ግፊት ነው።

ስለዚህ ዘመድ ስትጠይቁ «ግፊት ነበረባቸው?» አትበሉ፤ «ኧረ ጤነኛ ነበሩ» ትባላላችሁ። «እንዴት አደረጋቸው? ድንገት ወደቁ? ስንት ዓመታቸው ነበር?» በሉ። ከወላጅና ከወንድም እህት ጀምሩ፤ ከ60 ዓመታቸው በፊት የጀመራቸውን ለይታችሁ ጻፉ። ነውር አይምሰላችሁና፣ እኔ ብዙውን የሰበሰብኩት ልቅሶ ቤት ነው።

«የዘር ነው» ሲባል አንድ ክፉ ዘረመል አለ ማለት አይደለም። በሰዎች መካከል ካለው የግፊት ልዩነት ከ30 እስከ 50 በመቶ የሚሆነው ከዘር ጋር ይያያዛል። እስካሁን ከ1,000 በላይ የዘረመል ቦታዎች ተለይተዋል፤ እያንዳንዱ ብቻውን የሚጨምረው ኢምንት ነው፣ ጉዳቱ ሲደራረቡ ነው። ከመንገዶቹ አንዱ ኩላሊት ጨውን ይዞ የሚያስቀርበት ሁኔታ ነው። ከአክስቴ ባል ጋር ከአንድ ትሪ እንበላለን፤ እሳቸው ምንም አይሆኑም፣ የእኔ ግፊት ይንራል። በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ይበቃል፤ በርበሬው ሲዘጋጅ የገባበትንም ቁጠሩ።

በአንድ ዘረመል ብቻ የሚመጣም አለ፣ ግን ብርቅ ነው። ሊድል ሲንድረም የሚባለው በወጣትነት ይጀምራል፣ ብዙ ጊዜም በደም ውስጥ ያለውን ፖታሲየም የሚባል ማዕድን ያወርዳል። በቤታችሁ ወጣቶቹ ላይ ተደጋግሞ ከታየ ለሐኪም ንገሩ፤ የሚሰራለት መድኃኒት የተለየ ነው።

ከዚያ ራሳችሁን ለኩ። ክንድ ላይ በሚታሰረው መለኪያ፣ ጀርባችሁን አስደግፋችሁ፣ እግር ሳታነባብሩ፣ 5 ደቂቃ ዝም ብላችሁ ተቀምጣችሁ። ቡና ከጠጣችሁ 30 ደቂቃ ይለፍ (እኔ በሁለተኛው ሲኒ ላይ እየለካሁ ስደነግጥ ከርሜያለሁ)። ጠዋት ሁለቴ ማታ ሁለቴ፣ ለ7 ቀን፤ የመጀመሪያውን ቀን ጣሉትና አማካዩን አውጡ። ቤት ውስጥ 135/85 ከደረሰ ወደ ሐኪም ነው።

ደብተሩን ይዛችሁ ሂዱ። የእኔው ሐኪም ልኬቶቹን ገረፍ ገረፍ አድርጎ አልፎ የአያቴን መስመር ሁለቴ አነበበና «ልጆች አሉህ?» አለኝ።