ለጭራ አጥንት ሕመም ስፖንጁን ከኋላ ቁረጡት
ከለገጣፎ ወይም ከሰበታ በኮረኮንች መንገድ በባጃጅ የምትመላለሱ፣ ስትቀመጡ የጀርባ አጥንታችሁ የመጨረሻ ጫፍ ላይ የሚወጋችሁ ከሆነ የጭራ አጥንት ሕመም ሊሆን ይችላል። ወደ ኋላ ስትደገፉና ከመቀመጫ ስትነሱ ይብሳል። መነሻው ብዙ ጊዜ ጭቃ አንሸራትቶ በመቀመጫ መውደቅ፣ ወሊድ ወይም ደረቅ ወንበር ላይ ለረጅም ሰዓት መቀመጥ ነው፤ የሆድ ድርቀትም ያባብሰዋል።

8 ሴንቲ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ጠንካራ ስፖንጅ ግዙና ከኋላ ጠርዙ መሃል 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ቆርጣችሁ አውጡ፤ አጥንቱ ምንም ሳይነካው ይቀራል። ለስላሳው ስፖንጅ ግን ተጨፍልቆ ከወንበሩ ጋር ያገናኘዋል፣ አትግዙት። ወደ ፊት ዘንበል ብላችሁ ተቀመጡ፣ በየ30 ደቂቃው ተነሱ። እግር ከደነዘዘ፣ ሽንት ካስቸገረ፣ ትኩሳት ወይም እብጠት ካለ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ሂዱ።