ኢሜይልን በፓይተን እንዴት እናስነብብ?

አዳማ ላይ ሆቴል ማለት ስብሰባ ማለት ነው። አንድ ጓደኛዬ ሪዘርቬሽን ላይ ይሠራል፤ ጠዋት ጠዋት ሥራው ኢሜይል እየከፈቱ ማን ላከ፣ ስንት ሰው ነው፣ መቼ ይገባሉ እያሉ ወደ ኤክሴል መገልበጥ ነበር። አንድ ቅዳሜ ፍራንኮ አካባቢ ማኪያቶ ይዘን «ይሄን እኮ ኮምፒውተሩ ራሱ ይሠራዋል» አልኩት። ምን አስለፈለፈኝ! ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ስክሪፕቱን፣ ማለትም አጭሯን ፕሮግራም፣ መጻፍ ሁለት ቅዳሜዬን በላው። እናንተ በአንዱ ትጨርሳላችሁ ብዬ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ስክሪፕቱን ኢንቦክስ ውስጥ አታስገቡት። ጂሜይልን በኮምፒውተር ክፈቱ፣ አንዱን መልእክት ምረጡ፣ ሦስቷን ነጥብ ነክታችሁ መልእክቱን አውርዱት። የሚወርደው ኢኤምኤል የሚባል ፋይል ነው። በኖትፓድ ክፈቱትና እዩት። ላዩ ላይ ከማን፣ ለማን፣ መቼ፣ ስለምን የሚሉ መስመሮች አሉ፤ ከዚያ አንድ ባዶ መስመር፤ ከሷ በታች ዋናው መልእክት። ድንበሯ ያቺ ባዶ መስመር ናት።

አሁን ርዕሱን እዩ። አማርኛ ከነበረ የለም! በቦታው እኩል ምልክትና ጥያቄ ምልክት ያጠሩት የላቲን ፊደልና ቁጥር ክምር ነው ያለው። ፋይሉ አልተበላሸም። ዩቲኤፍ 8 በሚባለው ኮምፒውተር ፊደልን በሚያስቀምጥበት ስልት አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ ባይትን በላቲን ፊደልና ቁጥር የሚጽፈው ቤዝ 64 ደግሞ 3 ባይቱን ወደ 4 ምልክት ይቀይረዋል። ስለዚህ «ስብሰባ» የሚለው ቃል 16 ምልክት ይሆናል፤ እያንዳንዱ ፊደል ደግሞ በቁጥሩ «4» እና በላቲኑ «ዋይ» ነው የሚጀምረው። ክፍት ቦታ እስኪገባ ድረስ ይህቺ ጥንድ በየ4 ምልክቱ ትደጋገማለች። ይህን ካያችሁ በኋላ መልእክቱን በራሳችሁ ኮድ ልትቆራርጡት አይቃጣችሁም። እኔ ሞክሬዋለሁ፣ የመጀመሪያው ቅዳሜ የሄደው በዚያ ነው።

ኢሜይል የሚባለው ሞጁል (የተዘጋጀ የኮድ ጥቅል) ከፓይተን ጋር አብሮ ይመጣል፤ የምትጭኑት ነገር የለም። ፋይሉን እንደ ጽሑፍ ሳይሆን እንደ ባይት ክፈቱትና መልእክቱን ለሚከፋፍለው ባይትስፓርሰር ስጡት። ስትሰጡት ግን ፖሊሲውን፣ ማለትም የአነባበብ ደንቡን፣ «ዲፎልት» በሉት። ስሙ አያታላችሁ፤ ካልጻፋችሁት በራሱ የሚመጣው እሱ ሳይሆን የድሮው አሠራር ነው። ያኔ ርዕሱ እንደተቆለፈ ይቀራል፣ ጌት ቦዲ የሚባለውም ትእዛዝ አይገኝም። ፖሊሲውን ከሰጣችሁት ርዕሱን ስትጠይቁ አማርኛው ተፈቶ ይመጣል።

ለመልእክቱ አካል ጌት ቦዲን ተጠቀሙ፤ መጀመሪያ ተራውን ጽሑፍ፣ ከሌለ በድረ ገጽ አጻጻፍ የተላከውን (ኤችቲኤምኤሉን) እንዲፈልግ ንገሩት። ሁለቱም ላይኖሩ ስለሚችሉ ባዶ መሆኑን ሳታዩ አትቀጥሉ።

ሰዓቱ ላይ ቆም በሉ። አንዱ ኢሜይል ማክሰኞ 22:15 ይልና ከጎኑ ባለአራት ዜሮ ይጽፋል። ያ የግሪንዊች ሰዓት ነው፤ እኛ 3 ሰዓት እንቀድማለን። አዳማ ላይ ረቡዕ 1:15 ሆኗል ማለት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 7:15። እኔ መደመሩን ረስቼ የረቡዑን ማስያዣ ማክሰኞ ሥር ከተትኩት፤ ጓደኛዬ እስካሁን ያነሳብኛል። መጀመሪያ ቀኑን ወደ እኛ ሰዓት አዙሩ፣ የኛን አጠራር ከፈለጋችሁ ከዚያ በኋላ 6 ቀንሱ፤ ሰዓቱ ከ7 ካነሰ ግን 6 ደምሩ፣ ውጤቱ 13 ከደረሰ ደግሞ 12 ቀንሱ።

አባሪዎቹን ኢተር አታችመንትስ የሚባለው ትእዛዝ አንድ በአንድ ያወጣቸዋል። ላኪው ባወጣው የፋይል ስም ግን አታስቀምጡ። ስሙ አንዳንዴ ጭራሽ የለም፣ አንዳንዴ ደግሞ ሌላ ፎልደር ውስጥ እንዲጻፍ ሆን ተብሎ የተቀመመ ሊሆን ይችላል። የራሳችሁን ስም ስጡት።

ይህ ሁሉ በወረደው ፋይል ላይ ከሠራ በኋላ ነው ወደ ኢንቦክሱ የሚኬደው። ከመልእክት ሳጥኑ ጋር የሚያገናኘውን የፓይተን ሞጁል፣ አይማፕሊብን፣ በተመሰጠረ ግንኙነት (ኤስኤስኤል)፣ በ993 ፖርት (የመገናኛ በር ቁጥር) አገናኙት። ጂሜይል የተለመደውን ፓስወርድ አይቀበልም፤ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ከፍታችሁ ለፕሮግራም የሚሰጠውን ባለ16 ፊደል የአፕ ፓስወርድ አውጡ፣ እሱንም ስክሪፕቱ ውስጥ አትጻፉት። ኢንቦክሱን ስትመርጡ «ለንባብ ብቻ» አድርጉት። አለበለዚያ ስክሪፕቱ የነካው ሁሉ «ተነቧል» ይሆናል፣ ሰውየው ጠዋት ሲገባ አዲስ መልእክት የለም ብሎ ቡናውን ይጠጣል።

አንድ ነገር አልተፈታም። ብዙ መሥሪያ ቤት ማኅተም ያረፈበትን ደብዳቤ በስልክ ፎቶ አንስቶ ነው የሚልከው፤ አካሉ ላይ «ከአባሪው ይመልከቱ» ብቻ ይላል። ስክሪፕቱ ፎቶውን ለይቶ አንድ ፎልደር ውስጥ ይከምርለታል። ያቺን ፎልደር ጓደኛዬ አሁንም በዓይኑ ነው የሚያነባት።