የማንጎ ክሪስፕ በወፍራም የሸክላ ሳህን፦ በድሬዳዋ ሙቀት እንዴት እንደሚሰራ

በድሬዳዋው የከፊራ ገበያ ማንጎ ሲረክስ አንድ ኪሎ ብቻ ይዞ የሚመለስ ሰው አላየሁም። ሦስት አራት ኪሎ ይገዛል፤ ግማሹ በዚያው ቀን ይበላል። የቀረው በድሬ ሙቀት በሁለተኛው ቀን ቆዳው መጨማደድ፣ በሦስተኛው መጥቆር ይጀምራል። ያ ማንጎ ሲጣል ማየት ያሳዝነኛል፤ ክሪስፕ መስራት የጀመርኩትም በእሱ ምክንያት ነው።

ክሪስፕ ከታች የተከተፈ ፍሬ፣ ከላይ በቅቤ የታሸ የዱቄት፣ የአጃና የስኳር ፍርፋሪ ተደርጎበት የሚጋገር ጣፋጭ ነው። እርሾ አይፈልግም፣ እንቁላል አይመታለትም፣ ሊጥም አይዳመጥም። ኬክ መጋገር የሚያስፈራው ሰው ከዚህ ቢጀምር ደስ ይለኛል።

ስለ ሳህኑ

እስቶንዌር የሚባለው ወፍራም ሳህን እንደ ጀበናችን ከሸክላ አፈር ይሰራል። ልዩነቱ 1,200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሆነ እሳት መተኮሱ ነው። በዚህ የተነሳ ጠጣር ይሆናል፣ የፍሬ ጭማቂም አይመጥም። ቀስ ብሎ ይሞቃል፤ አንዴ ከሞቀ ግን ሙቀቱን ቶሎ አይለቅም። ማንጎው ዳር ዳሩ ሳያር መሃሉ ድረስ የሚበስለው ለዚህ ነው። በስስ የአሉሚኒየም ትሪ ሞክሬው ስኳሩ ጥግ ጥጉን አርሮብኛል፤ ሎሚው ደግሞ ከብረቱ ጋር ተገናኝቶ ምላስ ላይ የሚቀር ጣዕም አምጥቷል።

ሳህኑ የማይችለው ድንገተኛ የሙቀት ለውጥ ነው። ከፍሪጅ አውጥታችሁ በቀጥታ ወደ ጋለ ኦቭን አታስገቡት። የጋዝ እሳት ወይም ከሰል ላይም አትጣዱት። ጎረቤቴ ከኦቭን ያወጣችውን ሳህን እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ስታስቀምጠው እዚያው ለሁለት ሲሰነጠቅ አይቻለሁ። የታጠፈ ደረቅ ጨርቅ ወይም የእንጨት መክተፊያ ላይ አሳርፉት።

የሚያስፈልገው

20 በ20 ሴንቲሜትር ለሆነ ሳህን፣ ለስድስት ሰው፦

ለፍሬው፦ ተልጦና ፍሬው ወጥቶለት 900 ግራም የሚሆን ማንጎ (ከገበያ 1 ኪሎ ተኩል ያህል)፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ኮርንፍላወር፣ የሁለት ትንንሽ ሎሚ ጭማቂ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ሄል።

ለፍርፋሪው፦ የስንዴ ዱቄት፣ አጃ፣ ስኳርና የገበታ ቅቤ እያንዳንዳቸው 100 ግራም፣ 60 ግራም የተቆላ ኦቾሎኒ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቀረፋ።

አራቱ ዋና ነገሮች እኩል እኩል መሆናቸውን ካስታወሳችሁ ወረቀት አያስፈልጋችሁም። አጃው ሱቅ ውስጥ ኦትስ ተብሎ የሚሸጠው የተዳመጠው ይሁን፤ የቅንጬ አጃ በዚህ ሰዓት ውስጥ ስለማይለሰልስ ጥርስ ላይ ይንኳኳል። ኦቾሎኒ ከሆነ ደግሞ የባቢሌ በደጃችን ስላለ ሌላ አልፈልግም፤ በጠርሙስ ወይም በመዳመጫ ገርደፍ አድርጉት እንጂ አታድቅቁት። ንጥር ቅቤ ግን ለዚህ አይሆንም። የኮሰረቱና የበሶብላው ሽታ ለወጥ ክብር ነው፤ ማንጎን ይውጠዋል።

አሰራሩ

ቅቤው ላይ ጠንቀቅ በሉ፤ ድሬዳዋ ላይ ነገሩ ሁሉ የሚበላሸው እዚህ ነው። የመጀመሪያዬን በግንቦት ቀትር ነበር የሰራሁት። ሳሸው ቅቤው እጄ ላይ ቀልጦ ዱቄቱ ዘይት እንደጠጣ ሊጥ ሆነ፣ ሲጋገርም አንድ ወጥ ጠፍጣፋ ቂጣ ወጣው። ቅቤ ከ30 ዲግሪ ትንሽ አለፍ ሲል ይቀልጣል፤ የድሬ ቀትር ደግሞ በሙቀቱ ወራት ከዚያ ይበልጣል። ፍርፋሪ ሆኖ የሚቀረው ቅቤው በዱቄት ተሸፍኖ፣ ቀዝቃዛ እንደሆነ ኦቭን ውስጥ ከገባ ብቻ ነው።

ስለዚህ በማለዳ ወይም ከመሸ በኋላ ስሩት። ቅቤውን ለግማሽ ሰዓት ፍሪዘር ውስጥ አቆዩትና ካሮት በሚፈገፈግበት መፈግፈጊያ ወደ ደረቁ ዱቄት፣ አጃ፣ ስኳር፣ ጨውና ቀረፋ ውስጥ ፈግፍጉት። ከዚያ በጣቶቻችሁ ጫፍ ብቻ፣ መዳፍ ሳታስነኩ፣ ለአንድ ሁለት ደቂቃ አንሱና ልቀቁት። የሽምብራ ፍሬ የሚያህሉም፣ አሸዋ የሚመስሉም ተደባልቀው ሲታዩ ይበቃል። ኦቾሎኒውን ጨምራችሁ ጎድጓዳውን እንዳለ ፍሪጅ መልሱት።

አሁን ኦቭኑን 180 ዲግሪ ላይ አብሩትና ወደ ማንጎው ሂዱ። ክሩ ጥርስ ውስጥ የሚገባ ዓይነት ከሆነ የክሩን አቅጣጫ አቋርጣችሁ ቁረጡት፤ ያኔ ክሩ አጭር ይሆንና አይታወቅም። ሁለት ሴንቲሜትር ያህል እንዲሆን ከትፉት። በጣም የበሰለው ውሃ ካበዛ በእጅ አትጭመቁት፤ ለአስር ደቂቃ ወንፊት ላይ አስቀምጡት፣ የወረደውን ጭማቂ ጠጡት። ከዚያ ከስኳሩ፣ ከሎሚው፣ ከሄሉና ከኮርንፍላወሩ ጋር አዋህዳችሁ ሳህኑ ውስጥ ዘርጉት። ፍርፋሪውን ከላይ በትኑት፤ አትጫኑት። ከተጫነ እንፋሎቱ መውጫ ያጣና ከስር ይረጥባል።

ከ40 እስከ 45 ደቂቃ ይጋገራል። ከሰዓቱ ይልቅ የሳህኑን ዳር እመኑ፦ ጭማቂው እንደ ገንፎ ቀስ እያለ፣ ወፈር ባለ አረፋ ሲፈላ ደርሷል። ቀጭን ሆኖ ፈጠን ፈጠን እያለ የሚፈላ ከሆነ ኮርንፍላወሩ ገና አልያዘም። ሐረር ያላችሁ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ጨምሩ። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ሐረር 1,900 ሜትር ግድም ላይ ናት፤ እዚያ ውሃ 94 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ፍሬው ለመለስለስ ይዘገያል። ላዩ ቀድሞ ከጠቆረ ፎይል ጣል አድርጉበት።

ሲወጣ ግማሽ ሰዓት ታገሱት። ሳህኑ ሙቀቱን ስለያዘ ከኦቭን ከወጣ በኋላም ለጥቂት ደቂቃ ይፈላል፤ ጭማቂው የሚረጋው በዚህ ጊዜ ነው። ልጆች ማንኪያ ይዘው ሲከቡት መከልከል ከባድ ቢሆንም፣ ቶሎ ከተቆረጠ ሾርባ ነው።

ኦቭን ለሌለው፣ ለጾምና ለሌላ ፍሬ

ኦቭን ከሌላችሁ ለበዓል ድፎ ዳቦ እንደምንወስደው ሰፈር ያለ ዳቦ ቤት ፈርኖ መውሰድ ይቻላል። የዳቦ እሳት ለዚህ ስለሚበዛ ዳቦው ወጥቶ ፈርኖው ሲበርድ እንዲያስገቡላችሁ ለምኗቸው፣ በ25 ደቂቃም እዩት።

ለጾም፣ በቅቤው ፋንታ 5 የሾርባ ማንኪያ ዘይትና 2 የሾርባ ማንኪያ የኦቾሎኒ ቅቤ አዋህዱ። ፍርፋሪው ትንሽ ይደቃል፤ ጣዕሙን ግን ከዋናው የሚያስበልጡ አሉ፣ እኔም አልከራከራቸውም። በእኛ ግቢ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ስላለ ይህኛውን ለፍልሰታም ለአፍጥርም እሰራዋለሁ።

ከሌላ ፍሬ ዘይቱን (ጓቫ) ድንቅ ነው፤ ጠንካራ ፍሬዎቹን በወንፊት አጥልላችሁ ጣሉና ሥጋውን ከማንጎው ጋር ግማሽ በግማሽ አድርጉት። በተፈጥሮው የመርጋት ጠባይ ስላለው ኮርንፍላወሩን ወደ አንድ ማንኪያ ቀንሱለት። ፓፓያ ብቻውን ለስላሳና ጣዕም አልባ ነው፤ ሎሚውን እጥፍ ካላደረጋችሁ አልመክረውም። የጨንቻ ፖም ካገኛችሁ ስስ አድርጋችሁ ቁረጡት፣ አስር ደቂቃ ጨምሩለት። ሐብሐብን ተዉት፤ ውሃ ብቻ ነው።

የተረፈው ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ቀን ይቆያል። ስታሞቁት ሳህኑን አንድ ሰዓት ውጭ አቆዩት፣ ገና ባልሞቀ ኦቭን ውስጥ አስገቡትና 160 ላይ ለ20 ደቂቃ አብሩ፤ ፍርፋሪው እንደገና ይንኮሻኮሻል። ጠዋት በወተት ከሚፈላው ሆጃ ጋር፣ ማታ ስኳር ከሌለው ቡና ጋር ይሄዳል።