ከነዳጅ ወደ ፀሐይ ኃይል ሲሸጋገሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በማደግ ላይ ያለ አገር በድንጋይ ከሰልና በናፍጣ የሚያመነጨውን ኤሌክትሪክ በግዙፍ የፀሐይ ኃይል ማመንጫዎች ለመተካት ሲነሣ፣ የመጀመሪያው ስህተት የሚፈጸመው ገና በዕቅዱ ላይ ነው፦ 100 ሜጋ ዋት የፀሐይ ማመንጫን ከ100 ሜጋ ዋት የከሰል ማመንጫ ጋር እኩል መቁጠር። ሌሊቱና ደመናው ሲታሰብ፣ የፀሐይ ማመንጫው ብርሃን በሚበዛበት አካባቢ እንኳ በዓመት በአማካይ የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 25 ሜጋ ዋት ያህል ነው። ከዚህም ሌላ የፓነሉ አቅም የተለካው በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ስለሆነ፣ በቀትር በረሃ ላይ ፓነሉ ግሎ 60 ዲግሪ ሲደርስ ከአቅሙ 10 በመቶ ያህሉን ያጣል። ስለዚህ መነጻጸር ያለበት በዓመት የሚመነጨው የኃይል መጠን ነው።

ሁለተኛው ስህተት ማመንጫውን ከማስተላለፊያው መስመር ማስቀደም ነው። ፓነል በወራት ይተከላል፤ የከፍተኛ ቮልቴጅ መስመር ግን ብዙ ጊዜ ዓመታት ይፈጃል። ቬትናም እ.ኤ.አ. በ2017 ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት 9.35 የአሜሪካ ሳንቲም ለመክፈል ከወሰነች በኋላ፣ በ2020 መጨረሻ ከ16,000 ሜጋ ዋት በላይ የፀሐይ ኃይል ነበራት፤ ሆኖም ብዙዎቹ ማመንጫዎች በኒን ቱዋንና በቢን ቱዋን አውራጃዎች ስለተከማቹ መስመሩ መሸከም አቃተው፤ ፀሐይዋ እየበራች ምርት እንዲቀንሱ ታዘዙ።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ግን የምሽቱ ጉዳይ ነው። ጀምበር ስታዘቀዝቅ የፓነሎቹ ምርት በሁለት ሰዓት ገደማ ውስጥ ወደ ዜሮ ሲወርድ፣ በዚያው ሰዓት በየቤቱ መብራቱና ምድጃው ይለኮሳል። ባትሪ ሳይዘጋጅ፣ ወይም ቀን ላይ ውኃውን ቆጥቦ ማታ የሚለቅ ግድብ ሳይኖር የነዳጅ ማመንጫውን የዘጋ አገር ሕዝቡን ለጨለማ ይዳርጋል። አሮጌውን የጋዝ ተርባይን ለመጠባበቂያ ማቆየት ሽንፈት ተደርጎ መታየት የለበትም።

አቧራን መናቅም ያስከፍላል፤ የጽዳት ውኃና በጀት ከመጀመሪያው ሊያዝለት ይገባል።

የመጨረሻው የመሬት ጉዳይ ነው። በሕንድ ካርናታካ ግዛት የሚገኘው 2,050 ሜጋ ዋቱ የፓቫጋዳ ጣቢያ የተሠራው ከገበሬዎች በተከራየ መሬት ላይ ነው። ባለመሬቱ በየዓመቱ ገቢ ስለሚያገኝ፣ ይህ አንድ ጊዜ ተከፍሎ ከሚያልቅ ካሳ ይሻላል እላለሁ። በእነዚያ ማሳዎች ላይ በቀን ሥራ ይተዳደሩ የነበሩት መሬት አልባ ሰዎች ግን ከኪራዩ ድርሻ አልነበራቸውም፤ ስለዚህ ሌላ ጣቢያ ሲታቀድ የእነርሱም ስም ከባለመሬቶቹ ጋር አብሮ መመዝገብ አለበት።